ሁለተኛው ደዋይ

ጉዳዩ ለሚመለከታችሁና ለማይመለከታችሁም ሁሉ፦ በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ አባቴ አቶ ኃይለመስቀል የጅራፍ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነው መሾማቸውን በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። ሹመቱ የጸደቀው በሙሉ ድምፅ ነበር። ኮሚቴው አንድ አባል ብቻ ስለነበረው ተቃውሞም ሆነ ድምፀ ተዓቅቦ አልተመዘገበም። ማስታወቂያውን ራሱ ተሿሚው ጽፎ፣ የአፓርታማችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል በር ላይ፣ «ማድረቂያው ተበላሽቷል» ከሚለው ወረቀት በላይ ለጠፈው። ሁለቱንም ያነበበ አልተገኘም፤ ሰው ቀኑን ሙሉ እርጥብ ልብሱን በተበላሸው ማድረቂያ ውስጥ ሲጠቀጥቅ ዋለ።

አፓርታማው አትላንታ ውስጥ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ዳር ነው። እኔ ምኞት እባላለሁ፤ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዕለቱ የቡሄ ዋዜማ ነው፤ አባቴ ደግሞ በዚያ ዓመት «ልጆቻችን ቡሄን በቪዲዮ ካሴት ብቻ አይተው አያድጉም!» ብሎ ተነሥቷል።

ጅራፉን ሳሎን ውስጥ፣ የሶፋውን እግር እንደ ካስማ ተጠቅሞ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ገመደው። ቃጫ ስላልተገኘ ጀልባ የሚታሰርበት ናይለን ገመድ ገዛ። እጀታው ከመወልወያችን የተቆረጠ እንጨት ነው፤ እንዳያንሸራትት ጥቁር ናስትሮ ከዳር እስከ ዳር ጠቀለለበት። በዓለም ላይ ካሉ ነገሮች ሁሉ ቆንጆው መሰለኝ። ዛሬ ፎቶግራፉ እጄ ላይ አለ፤ ከማስመሪያ አጠገብ ተጋድሞ፣ ቁጥር ተለጥፎበት። ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ ክንድ የሚሞላ ነገር። ከሩቅ ላየው ሰው ምን እንደሚመስል ጮክ ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

እናቴ ፅጌረዳ ከወጥ ቤት ሆና፣ «ጎረቤት ምን ይላል?» ትለዋለች።

«ቡሄ ደረሰ ይላላ።»

«ሜክሲኮዎቹ ናቸው ቡሄ ደረሰ የሚሉት?»

«ይጠይቁን፣ እናስረዳቸዋለን።»

አባቴ በማስረዳት ያምን ነበር። አገር ቤት መምህር ነበር፤ እዚህ ምንጣፍ ያጥባል፤ ምንጣፍ ሲያጥብም ለባለቤቱ ስለ ቆሻሻው አመጣጥ ያስረዳል።

ለጭፈራው የሚበቃ ወንድ ልጅ አልተገኘም። በግቢው ውስጥ የነበሩት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው፣ ትንሳኤ፣ አስም አለበት። ስለዚህ እኔ ለአንድ ቀን በጊዜያዊነት ወንድ ተደርጌ ተመደብኩ። አባቴ ሦስታችንን ፓርኪንጉ መሃል አሰልፎ ትምህርት ሰጠን። ጌታ በታቦር ተራራ ላይ ብርሃኑን ሲገልጥ ከደመና ድምፅ መጣ፤ ደቀ መዛሙርቱ ደንግጠው በግንባራቸው ወደቁ፤ የጅራፉም ጩኸት ያንን ድምፅ የሚያስታውስ ነው አለን።

ትንሳኤ እጁን አወጣ። «ላይክ፣ እኛም እንወድቃለን?»

«ከፈለጋችሁ» አለ አባቴ፣ ጅራፉን እየፈታ።

ከዚያ በጭንቅላቱ ዙሪያ አሽከረከረውና መልሶ ሳበው። ጧ!

ቃጫ እንደዚያ አይጮህም ይላሉ። የናይለኑ ድምፅ ደረቅ ነው፤ ከአንዱ ሕንፃ ተላትሞ ከሌላው ይመለሳል። እርግቦቹ ከጣራው ላይ ተነሡ። የአንድ መኪና ማንቂያ ደወል በራሱ ጊዜ እሪ ማለት ጀመረ። እኛ በደስታ ዘለልን። ሁለተኛውን ደገመ፤ ሦስተኛውን ሠለሰ።

የምድር ቤቱ በር የተከፈተው ያኔ ነው። ዑስማን ወጣ። ዑስማን ሌሊት ሌሊት ከኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ቀን ቀን የሚተኛ ሰው ነው። ከአባቴ ጋር ሆድና ጀርባ ነበሩ፤ ምክንያቱ አንድ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ነው። ዑስማን ጠዋት ከሥራ ሲመለስ የአባቴ የምንጣፍ ማጠቢያ ቫን በሩ ላይ ተገትሮ ያገኘዋል። ለሦስት ዓመት አልተስማሙበትም። ያን ቀን ሽርጥ አገልድሞ፣ በካኒቴራ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ አብጦ ቆመ።

«ኃይሌ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ቡሄ ነው።»

«ቡሄ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ፤ ወሎ ነው ያደግኩት። እዚህ አገር ግን ጅራፉን የሚያይ የለም፤ ድምፁን ነው የሚሰሙት። ፖሊስ ይመጣብሃል።»

«ይምጣ! ሙልሙል እንሰጠዋለን።»

እኛ ሳቅን። አባቴ መሳቃችንን አይቶ ጨመረበት። «እንቅልፍህን ነው እንጂ የኔ ነገር መቼ አስጨንቆህ ያውቃል!»

ዑስማን አልሳቀም። እኔን አየኝ፣ ትንሳኤን አየው፣ የያዝናቸውን የመጥረጊያ እንጨቶች አየ። «ተው ብዬሃለሁ» አለና ገባ።

«ተው ብዬሃለሁ» እኛ ቤት ከቀበቶ በፊት የሚመጣ ቃል ነበር። ስለዚህ የሰማሁት ዛቻ ነው። ወዲያው የዑስማን መጋረጃ ሲገለጥ አየሁ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከኛ ሳይነቅል ያወራል። በነፃ እጁ አየሩን ይቆርጣል፤ ወደ አባቴ ይጠቁማል፣ ወደኛ ይጠቁማል። ከንፈሩ አንድ ነገር ደጋግሞ፣ ቀስ እያለ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ይላል። መስታወቱ ዝግ ስለነበር ቃሉ አልደረሰኝም። ሲያሳብቅብን ግን በዓይኔ አየሁት፤ ለዚህ እማኝ ነኝ ብዬ በልቤ መዘገብኩ።

እኛ ወደ መጀመሪያው ሕንፃ ወጣን። የአባቴን ግጥም ተቀባበልን፦

አሳንሰር የለው የዚህ ቤት ፎቅ፣
ሙልሙል ስጡንና እንውረድ ሳንወድቅ።

አንዲት ሴትዮ ሙልሙል ቸግሯት የሆትዶግ ዳቦ ከነላስቲኩ ሰጠችን። ዳቦውን የምሸከመው እኔ ነኝ። ስንመለስ የመኪናው ማንቂያ አሁንም ይጮኻል፤ አባቴ «አንድ የመጨረሻ!» ብሎ ጀርባውን ለመግቢያው ሰጥቶ ቆመ። እኔ ከፊቱ ነበርኩ፤ ስለዚህ ከትከሻው በላይ መንገዱ ይታየኛል።

ፖሊስ በሳይረን ይመጣል ብዬ ነበር የማስበው። ሁለቱ መኪኖች ዝም ብለው ገቡ። የኋለኛው ሣሩ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፤ ጆሮው የቀላ ወጣት ከበሩ ጀርባ ሆኖ ሁለት እጆቹን ወደ አባቴ ዘረጋ። በእጆቹ መካከል ያለውን አየሁት። ከሁላችንም በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ይጮኻል፤ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታየኛል፤ ነገር ግን የማንቂያው እሪታ አለ፣ የጅራፉ ፉጨት አለ፣ ሁለቱ ልጆች በእንጨት አስፋልቱን ይደበድባሉ። አባቴ ምንም አልሰማም። ጅራፉ በጭንቅላቱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ጥቁሩ እጀታ ወደ ላይ ወጣ።

«አባ» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ፊደል ነው። ምላሴ ላይ ነበር፤ ከዚያ አልወጣም።

ዑስማን ከየት እንደመጣ አላየሁም። ባዶ እግሩን ነው። መሣሪያው በሚያይበትና አባቴ በቆመበት መካከል ገብቶ፣ በደረቱ አባቴን ከኋላው መታው። ሁለቱም ተዘረሩ። የአባቴ ጥርስ ከአስፋልቱ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ዑስማን በላዩ ተኝቶ ሁለት እጆቹን እንደ ስቅለት ዘረጋ፤ መዳፎቹ ክፍት ናቸው። ሽርጡ እዚያው መንገድ ላይ ቀርቷል። በሙታንታ ነበር።

ትንሳኤ ይህን ሁሉ የበዓሉ ክፍል አድርጎት በግንባሩ ወደቀ። ሌላውም ልጅ ወደቀ። እኔም ወደቅኩ። አስፋልቱ የአትላንታ ነሐሴ ያጋለው ነው፤ ግንባሬን ጠበሰኝ፤ ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል። ትኩስ ነገር በጭኔ ወረደ። ደም ነው አልኩ። የተመታሁት እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ሰው ሲመታ አያመውም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እጄን ሰድጄ ዳበስኩት፤ አወጣሁትና አየሁት፤ ቀይ አይደለም። ያኔ ማን እንደተመታ ለማወቅ ድምፁን መጠበቅ ጀመርኩ። ድምፁ አልመጣም። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሰው በር ሲወረውር፣ ፊኛ ሲፈነዳ፣ «ይኸው መጣ» እላለሁ።

ሁለቱንም በካቴና አሠሯቸው። አባቴ በደም አፉ፣ እንደ ልማዱ ያስረዳል፦ «ሆሊዴይ! ሰር፣ ሆሊዴይ!» ዑስማን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አርባ ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ ጅራፉን ወሰዱት፤ ሰዎቹን ለቀቋቸው። ጆሮው የቀላው ወጣት ከመኪናው ኋላ ሄዶ አጎንብሶ አስመለሰ። ሰክሮ ነው አልኩ፤ አጎቴ ሲሰክር ያስመልስ ነበር። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ «አባቴን ሰካራም ፖሊስ ሊገድለው ነበር» እያልኩ በትምህርት ቤት አወራ ነበር።

ቤት ገብተን እናቴ የአባቴን ከንፈር በበረዶ እየያዘች፣ «ማን ነው የጠራቸው?» አለች።

«ጋሼ ዑስማን ነው። በመስኮት አየሁት። ደውሎ አሳበቀብን፤ ከዚያ መጥቶ አባዬን መታው።»

«አንቺ ልጅ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ ነው ያየሁት።»

አባቴ ከበረዶው ሥር አንድ ነገር ሊል ሞከረ፤ ተወው። እሱም ከኋላው ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተደገነበት አላየም፤ የሚያውቀው ዑስማን እንደጣለው ነው።

ያች ዐረፍተ ነገር እግር አውጥታ ግቢውን ዞረች፤ በሳምንቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ዑስማንን ሰላም የሚለው ጠፋ። ሴቶቹ እሱ ሲመጣ ልጆቻቸውን ይጠራሉ። ለምን ደወልክ ብሎ የጠየቀው ሰው ግን የለም፤ ለመጠየቅ መነጋገር ያስፈልጋላ። ከሳምንት በኋላ ሱፍ የለበሱ ሁለት ፈረንጆች በንጹሕ መኪና መጥተው በሩን አንኳኩ። ሁለት ሰዓት ቆዩ። «የጥቆማውን ሽልማት ሊሰጡት ነው» አልኩት ለትንሳኤ። አፓርታማው ሁሉ ይህንንም ተቀበለ። አሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑን ሳሰላው ሁለት ሺህ ሁለት ነው፤ ከመስከረሙ ጥቃት ዓመት ያልሞላው። በራሱ ፈቃድ ለፖሊስ ደውሎ ስሙን ዑስማን ብሎ ያስመዘገበ ሰው ቤት ሱፍ ለባሾች ሁለት ሰዓት የሚቀመጡት ሊሸልሙት አይደለም። ጥቅምት ላይ ዕቃውን ጫነ። ፍራሹን ሲያወጣ ማንም አላገዘውም። አባቴ ቫኑን ያን ዕለት ራቅ አድርጎ አቆመ፤ ይህን እንደ ደግነት ቆጥሮት ይሆናል።

አባቴ ከዚያ ወዲህ በአደባባይ እጁን ከትከሻው በላይ አንሥቶ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሲያደርሰኝ፣ እንደ ሌሎቹ አባቶች ከመኪናው ወርዶ ቆመ፤ የተሰናበተኝ ግን እጁን ከቀበቶው አጠገብ በትንሹ እያወዛወዘ ነው። ጓደኞቼ «አባትሽ ዓይን አፋር ነው» አሉ። እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ዳቦ መጥበሻው ዳቦውን ሲያስፈነጥር ሲደነግጥ ደግሞ እንስቅበት ነበር፤ የምንስቀው እኛ እንዳልደነገጥን ለማስመሰል ነው።

ባለፈው ዓመት ፋይሉን ጠየቅኩ። መጥፋት የነበረበት ፋይል ነው፤ የተረፈው በቢሮ ስንፍና ነው፣ ስንፍናቸው ይባረክ። ፒችትሪ ኮርነርስ ያለው መሥሪያ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ፣ ምሳዬን ገፍቼ አነበብኩት። አንድ ገጽ ተኩል፣ ከጅራፉ ፎቶግራፍ ጋር። ተኩሶ ቢሆን ኖሮ ስንት ገጽ ይጻፍ ነበር! ስላልተኮሰ ግን ነገሩ ከሁለት ገጽ አልዘለለም።

ወጣቱ እንዲህ ይላል፦ ከመኪናዬ ከወረድኩ አራት ሰከንድ ያህል ይሆናል፤ ተጠርጣሪው ረጅም ጥቁር ነገር ወደ ላይ ሲያነሣ አየሁ፤ ለሕይወቴና በአካባቢው ለነበሩት ሕፃናት ሕይወት ሰጋሁ፤ ቃታውን መሳብ ጀምሬ ነበር፤ ሁለተኛ ሰው በመካከል ገባ። ለሕፃናቱ ሰጋሁ ይላል፤ ሕፃናቱ ከአባቴ ማዶ፣ በዚያው ጥይት መንገድ ላይ ነበርን። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ቢሆንም አራት ሰከንድን በሰዓቴ ለካሁ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ። የምሳ ዕቃዬን ክዳን እንኳ በአራት ሰከንድ አልገጠምኩትም። ሰክሮ እንዳልነበረም ያኔ ገባኝ።

ከዚያ የጥሪዎቹ ዝርዝር አለ። መጀመሪያ የደወለው ከመንገዱ ማዶ ያለ፣ ስሙን ያልተናገረ ሰው ነው፦ ተኩስ ሰምቻለሁ፣ ሦስት ጊዜ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው ደዋይ። ስሙን ፊደል በፊደል አስመዝግቧል፤ የቤት ቁጥሩንም። «ደዋዩ መሣሪያ አይደለም ይላል። ገመድ ነው ይላል። የልጆች በዓል ነው ይላል። እንዳትተኩሱ ይላል፤ አራት ጊዜ ደጋግሟል።» ከሥሩ ደግሞ አንድ አጭር መስመር አለች። ከአንድ ቦታ ሁለት ጥሪ ስለመጣ ጥቆማው እንደተረጋገጠ ተቆጥሯል፤ ስለዚህ ሁለተኛ መኪና ተጨምሯል። ለመኪኖቹ የተነገራቸው የጥሪው ብዛት ነው፤ ገመዱ አልተነገራቸውም። ጆሮው የቀላው ወጣት የነበረው በሁለተኛው መኪና ውስጥ ነው።

ለአባቴ አነበብኩለት። መጨረሻዋን መስመር ግን ዘለልኩ። ሲሰማኝ ሰው ሠራሽ ጥርሱን በምላሱ ይነካካል። ስጨርስ፣ «ለምን መሃል እንደገባ ጠይቂልኝ» አለኝ። ዕድሜውን በማስረዳት የጨረሰ ሰው፣ ይህችን ብቻ ማስረዳት አቃተው።

ዑስማንን ያገኘሁት ኮሌጅ ፓርክ፣ የሆቴል ቫኖች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ ነው። ሰባ ሊሞላው ነው፤ የሆቴል እንግዶችን ወደ ኤርፖርት ያመላልሳል። ከኋላው ወንበር ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ ዑስማን፣ አወቁኝ?»

በመስታወቱ አየኝ። «ግንባርሽ የኃይሌ ነው። አፍሽም የእሱ ከሆነ አሁኑኑ ውረጂ።»

«ምኞት ነኝ።»

«አባትሽ አለ?»

«አለ፣ ደህና ነው። ሰላም ብሎዎታል።»

«እሱ እንኳ ውሸት ነው።»

ውሸት ነበር። «ያኔ ለሰው ሁሉ እርስዎ ደወሉ ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ታዲያ ደውያለሁ እኮ።»

«ምን ብለው እንደደወሉ ግን አሁን ነው ያነበብኩት። እንዳትተኩሱ ብለዋል። አራት ጊዜ።»

«የስምንት ዓመት ልጅ በመስታወት በኩል ልትሰሚ ኖሯል? ተይው።» መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ወረቀቱ ሌላ ምን ይላል?»

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ያችን መስመር ባነብለት በዚያ ደረቱ ውስጥ ምን እንደምትሠራ ፈራሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ያወቀው ነገር ቢሆንስ? ባያውቀውስ?

«ሌላ ምንም» አልኩት። ሁለተኛው ውሸቴ ነው፤ በዚህኛው አልያዘኝም፣ ወይም እንዳልያዘኝ ሆነ።

«እና ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«አባቴ ጠይቂልኝ ያለኝ አለ። ሲደገንበት አይተዋል፤ እርስዎ ፊት ለፊት ነበሩ። አባቴን ደግሞ አይወዱትም ነበር።»

«አሁንም አልወደውም። ያን ቫን ስንት ጊዜ ነው ፓርክ ያደረገብኝ!»

«ታዲያ ለምን መሃል ገቡ?»

ሻንጣ የሚጎትቱ ባልና ሚስት መጡ። ወርዶ በሩን ከፈተላቸው፤ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ጫነ፤ ሰውየው ሊያግዘው ሲል በእጁ ከለከለው። ተመልሶ ገባ፤ ቀበቶውን አሠረ። የረሳው መስሎኝ ነበር።

«አልናገርም» አለኝ በመስታወቱ። «ላንቺም፣ ለእሱም። ሄደሽም እንዲህ አስቦ ይሆናል እያልሽ እንዳትተርኪለት። ጠየቅኩት፣ አልናገርም አለኝ በይው። በይ ውረጂ፣ እነዚህ ሰዎች አውሮፕላን አላቸው።»